ሳይታይ የቀረው አስተማሪ፦ ልብ ወለድ የቋንቋን ነገር ሲስት

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የሥነ ልሳን መምህር መሆኔን የሰማ ሰው፣ በሠርግ ቤትም ይሁን በለቅሶ ቤት፣ አስቀድሞ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለመሆኑ ስንት ቋንቋ ይችላሉ?» ሦስት መሆኑን፣ ከሦስቱም አንዱን የምችለው እንደ ነገሩ መሆኑን ስናገር በጠያቂዬ ፊት ላይ ቅሬታ አነብባለሁ። የአፈር ተመራማሪን «ስንት ጋሻ መሬት አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። የቋንቋ ተመራማሪ ግን ቋንቋ ያከማቸ ባለጸጋ ይመስላል። ይህ ግምት እንዲያው የመጣ አይደለም። በልብ ወለድና በፊልም የምናገኘው የቋንቋ ሊቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዐሥራ አምስት ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ያልታወቀ ጽሕፈት ሲያሳዩት መነጽሩን ያስተካክላል፤ ጥቂት ይጨነቃል፤ ሌሊቱ ሳይነጋ አንብቦት ያድራል።

ዛሬ የምናገረው ልብ ወለድ ስለ ቋንቋና ስለ ሥነ ልሳን ስለሚፈጽማቸው ስሕተቶች ነው። ስሕተቶቹን እየለቀሙ መቁጠር ቀላል ነው፤ ያስቃልም። ዳሩ ግን የፈጠራ ሥራን «ያልሆነ ነገር ፈጠርህ» ብሎ መክሰስ ዓሣን በመዋኘቱ እንደ መክሰስ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህን ታሪኮች ለዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር ሳነብና ስመለከት፣ አብዛኞቹ ስሕተቶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ሆነው ታይተውኛል። በታሪኩ ውስጥ ቋንቋ አለ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ጀግና አለ፤ ቋንቋውን ለጀግናው የሰጠው ሰው ግን የለም። አስተማሪው ተሰውሯል። እርሱ ሲሰወር ጊዜውም፣ ድካሙም፣ አለመግባባቱም፣ ዕዳውም አብሮ ይሰወራል።

እኛን ከሚነካ ምሳሌ ልጀምር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የአቢሲንያ ልዑል የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። የልዑሉ ስም ራሴላስ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም። የሚያውቃት ጀሮኒሞ ሎቦ ከተባለው ፖርቱጋላዊ ሚስዮናዊ የጉዞ መጽሐፍ ሲሆን፣ ያንኑ መጽሐፍ በወጣትነቱ ከፈረንሳይኛ ቅጂው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞት ነበር። በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይገኛሉ። የልዑሉ ስም ከእርሳቸው እንደ ተቀዳ ይታመናል። ማዕረጉ ከስሙ ጋር ተጣብቆ፣ ስሙ ደግሞ ከወገቡ ተቆርጦ «ራሴላስ» ሆነ ማለት ነው፤ «ደጃዝማች ካሳ»ን «ደጃዝካ» ብሎ እንደ መጥራት ያህል።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ነገር ግን በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ትንሽ ነገር አለ። ልዑሉ ከእኅቱና ከአጃቢዎቹ ጋር ካይሮ ሲደርስ የአገሩን ቋንቋ አያውቅም። ደራሲው የሰውን ልጅ ኑሮ በየደረጃው ሊያሳያቸው ከመነሣቱ በፊት ቋንቋውን እንዲያጠኑ ሁለት ዓመት ያስቀምጣቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ! ጆንሰን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነበር፤ አንድ ቃል ምን ያህል ላብ እንደሚጠይቅ ከራሱ ጠረጴዛ ያውቃል። ስማችንን ሳተ፤ የቋንቋን ዋጋ ግን አልሳተም። ስሙን አስተካክሎ ጊዜውን ከሚሰርቅ ደራሲና ስሙን ስቶ ጊዜውን ከሚከፍል ደራሲ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የዘመናችን ፊልም ሁለት ዓመት የሚያስቀምጥበት ትዕግሥት የለውም። በተለይ የጥንት ጽሕፈት ሲነሣ ነገሩ ሁሉ የቁልፍና የመቆለፊያ ጉዳይ ይሆናል፤ ቁልፉ ከተገኘ በሩ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። እውነተኛውን ታሪክ እናስታውስ። የሮዜታ ድንጋይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው። ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን የግብፅን ጽሕፈት አነባበብ አገኘሁ ብሎ ያስታወቀው በ1822 ነው። በመካከሉ 23 ዓመት አለፈ፤ ድንጋዩ ላይ የግሪክኛው ትርጉም ቁጭ ብሎ እያለ! ሻምፖሊዮን ተፎካካሪዎቹን ከቀደመባቸው ምክንያቶች አንዱ ኮፕትኛን ማወቁ ነበር። ኮፕትኛ የጥንቱ ግብፅኛ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ከአደባባይ ከጠፋ በኋላ በቅዳሴ ውስጥ ኖሯል። ግእዝን በቅዳሴ ለምንሰማው ለእኛ ይህን መረዳት አይከብደንም። ታዲያ ሻምፖሊዮን ኮፕትኛን ከማን ተማረ? ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ዩሐና ሺፍቲቺ የሚባል ግብፃዊ ቄስ ነበር፤ ሻምፖሊዮን ከእርሱ ዘንድ እየሄደ ይማር ነበር። የሻምፖሊዮን ሐውልት በፓሪስ ቆሟል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የቄሱን ስም ከዛሬ በፊት የሰማ ካለ እጁን ቢያወጣ ደስ ይለኛል።

(ጥቂት እጆች ወጡ። ጥሩ ነው፤ ከጠበቅሁት ይበልጣል።)

ተማሪዎቼ ዘወትር ወደሚያነሡብኝ ፊልም ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «አራይቫል» ነው፤ መሠረቱ ቴድ ቺያንግ በ1998 ያሳተመው «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ» የተሰኘ ታሪክ ነው። ጀግናዋ ሉዊዝ ባንክስ የሥነ ልሳን መምህርት ናት። ከሌላ ዓለም የመጡ ባለ ሰባት እግር ፍጡራን ምድር ላይ ሲያርፉ የጦር ሠራዊቱ ከእነርሱ ጋር እንድታነጋግረው ይጠራታል። ከወቀሳዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። አዛዡ የሚፈልገው አንድ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን እንድታመጣለት ብቻ ነው፦ ወደ ምድር የመጣችሁበት ዓላማ ምንድን ነው? እርሷ ግን ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ትበታትነዋለች። እነዚህ ፍጡራን መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የምንጠይቀው አንዱን ነው ወይስ ሁሉንም? ዓላማ የሚባል ነገርስ በእነርሱ ዘንድ አለ? ይህ ትዕይንት ሞያችንን በትክክል ካሳዩት ጥቂት የፊልም ትዕይንቶች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያንን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሱት ብዬ ለክፍሌ ሰጥቼ አውቃለሁ። እንግሊዝኛው «ዩር» ብሎ፣ የማን ዓላማ እንደሆነ ሳይለይ ማለፍ ይችላል። አማርኛ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም። «ዓላማህ»፣ «ዓላማሽ»፣ «ዓላማዎ»፣ «ዓላማችሁ»፦ ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከፊቱ የቆመው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ እኩያ ይሁን የሚከበር መወሰን አለበት። ባለ ሰባት እግሩን እንግዳ «አንተ» እንበለው ወይስ «አንቱ»? አንድ ተማሪ «አገር ሊያጠፋ ይሁን ሊያለማ ያልታወቀን ፍጡር አንቱ አልልም» ብሎ ተነሣ። አንዲት ተማሪ ደግሞ «እንግዳ እስኪታወቅ ድረስ ይከበራል እንጂ» አለችው። ክርክሩ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ በላው፤ እኔም አላቋረጥሁትም።

ይኸው ጣጣ በየቤታችን ሳሎን ውስጥም አለ። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ስንከታተል ኖረናል። ቱርክኛ «እርሱ»ንና «እርሷ»ን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ነው፤ ግሱም ፆታ አይለይም። በቱርክኛ «ትናንት ማታ መጥቶ ሄደ» የሚል ምስጢረኛ፣ የመጣው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ሳይገልጽ ሦስት ክፍል ሙሉ ተመልካቹን ሊያንጠለጥል ይችላል። የአማርኛ ተርጓሚ ግን «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ይለዋል፤ ምስጢሩ በአንዲት «ች» ይፈስሳል። በልብ ወለድ ውስጥ ቋንቋን ሁሉ በቅጽበት የሚተረጉም መሣሪያ ሲያጋጥመኝ የማስበው ይህችን «ች» ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ጀግናዋ አዛዡን ለማሳመን የካንጋሮን ታሪክ ትነግረዋለች። የካፒቴን ኩክ ሰዎች እንስሳውን አይተው ስሙን ቢጠይቁ፣ የአገሩ ሰው «ካንጋሩ» ብሎ መለሰ፤ ትርጉሙም «የምትለው አይገባኝም» ማለት ነበር ይባላል። ታሪኩ ሐሰት ነው። ፊልሙም ሐሰት መሆኑን ወዲያው በጀግናዋ አፍ ያምናል፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። እውነቱ እንዲህ ነው። ኩክና ባልደረቦቹ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1770 የሰሙት በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ከሚኖሩ የጉጉ ይሚድር ቋንቋ ተናጋሪዎች ነው። በ1970ዎቹ የሥነ ልሳን ተመራማሪው ጆን ሀቪላንድ ቋንቋውን ሲያጠና «ጋንጉሩ» የአንድ ዐይነት ትልቅ ካንጋሮ ስም መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ ያ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ሰጥቶ ነበር። ዓለም የሳቀው ግን በእርሱ ነው። አስተማሪው ተሰውሮ ብቻ አልቀረም፤ የቀልድ መነሻ ሆነ።

ፊልሙ ከእኔ ጋር የሚለያየው ወደ መጨረሻው ነው። ሉዊዝ የፍጡራኑን ጽሕፈት በተማረች መጠን ጊዜን እንደ እነርሱ ማየት ትጀምራለች፤ ያልመጣውን ታያለች። ይህ ሐሳብ ከቤንጃሚን ሊ ዎርፍ የወጣ ነው። ዎርፍ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሆፒዎች ቋንቋ ጊዜን የሚገልጽ ቃልም ሰዋስውም የለውም፣ ስለዚህ ስለ ጊዜ ያላቸው እሳቤ ከእኛ የተለየ ነው የሚል መከራከሪያ አቅርቦ ነበር። ኤክሃርት ማሎትኪ በ1983 ሆፒዎች ጊዜን የሚገልጹባቸውን መንገዶች ከ600 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ ዘርዝሮ አሳተመ፤ ክርክሩ በዚያ ተዘጋ ማለት ይቻላል። ቋንቋ ትኩረታችንን በመጠኑ እንደሚመራ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አእምሮን እንደሚያስር የሚያሳይ ግን አላየሁም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መጽሐፉ ባይጻፍም ባልከፋ ነበር። በአማርኛ ጧት ሦስት ሰዓት የምንለውን እንግሊዝኛው ዘጠኝ ይለዋል፤ ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ራስ ተሸክመን እንኖራለን፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወርም አለን። አዲስ የጊዜ አጠራር የተማረ ሰው ጊዜን በሌላ ዐይን የሚያይ ቢሆን ኖሮ፣ ዋሽንግተን ካለች እኅቱ ጋር በስልክ የሚቀጣጠር ሰው ሁሉ ነቢይ በሆነ ነበር። የሆነው የቀጠሮ መዛነፍ ብቻ ነው።

እውነተኛው ሥራ ምን እንደሚመስል ከራሴ ልናገር፤ ክሱ እኔንም እንደሚመለከት ትሰማላችሁ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች የአንዱን የግስ ርባታ ለመሰብሰብ ወደ ደቡብ ሄድሁ። ያስተማሩኝ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አዛውንት ነበሩ። በመካከላችን ለማስተርጐም የተቀመጠው የአካባቢው ትምህርት ቤት መምህር ነው። በእጄ የያዝሁት መጠይቅ «ሞትሁ፣ ሞትህ፣ ሞትሽ፣ ሞተ» እያለ ይወርዳል። መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ምንም አልከበደውም። አዛውንቱ ግን ዝም አሉ። አስተርጓሚው ደገመላቸው፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ከሞትሁ ለአንተ ማን ይነግርሃል? ‹ሞትህ› ብዬስ በሰው ልጅ ላይ እንዴት ላሟርት?» «ሞተ» የሚለውን ብቻ፣ እርሱንም ስለ አንድ በሬ አድርገው ሰጡኝ። ሠንጠረዤ ላይ ባዶ ሳጥኖች ቀሩ። በማግሥቱ «ወደቅሁ» በሚለው ግስ ተካነው፤ እርሱንም ያመጡት እርሳቸው ናቸው። «ሰው ወድቆ መነሣት ይችላል፤ ይህን እልልሃለሁ» አሉ።

ፊልም ቢሆን ኖሮ እኒህ ሰው በጢስ መካከል ተቀምጠው አንድ ጥልቅ ነገር ተናግረው የሚጠፉ ምስጢራዊ ሽማግሌ ይሆኑ ነበር። እርሳቸው ግን የእርሻ ወቅት ስለነበር ከስድስት ሰዓት በላይ መቆየት የማይፈልጉ፣ በቀን አበላቸው የተከራከሩኝ፣ «ትናንት የነገርኩህን ዛሬ መልሰህ ትጠይቀኛለህ፤ አትሰማም እንዴ?» ብለው የተቆጡኝ ሰው ነበሩ። ከመጽሐፍ የማላገኘውን የግስ አመል ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ የእርሳቸውና የአስተርጓሚው ስም የት እንዳለ ታውቃላችሁ? በምስጋናው ገጽ፣ ከታይፒስቷ ቀጥሎ።

ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች በውጭው ፊልም ሁለት ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ላይ ከሌላ ፕላኔት የመጣ አንድ አብራሪ ይናገራል፤ ለአሜሪካ ተመልካች ያልታወቀ ድምፅ ነው። ለኬንያ ተመልካች ግን ኪኩዩ ነው። እዚያ ላይ ቋንቋ የሆነው ጫጫታ ነው። በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ የዋካንዳ ሰዎች የሚናገሩት እውነተኛ ቋንቋ፣ ኮሳ ነው፤ ተዋናዮቹም ለፍተው ተምረውታል። ሆኖም ዋካንዳ የተቀመጠችው ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ኮሳ የደቡብ አፍሪካ ነው። የምላስ ጠቅታ ድምፆቹን ከኮይሳን ተናጋሪዎች ጋር ለዘመናት በመጎራበት ያገኘ ቋንቋ፣ ጎረቤቶቹን ትቶ ብቻውን በአውሮፕላን የመጣ ይመስላል። ቢሆንም አልቀየምም። አንድ ሕፃን ጆሐንስበርግ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የእናቱን ቋንቋ ከንጉሥ አፍ መስማቱ ከካርታው ስሕተት ይበልጥብኛል።

ይልቅ የሚከብደኝ የራሳችን ቤት ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረው በቋንቋ መምህር እጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ከማሳተማቸው በፊት የአማርኛን ሰዋስው በጣልያንኛ ጽፈዋል፤ በኔፕልስም አማርኛ አስተምረዋል። እንዲህ ያለ ጅማሬ ያለው ሥነ ጽሑፍ ስለ ባዕድ አፍ ጆሮው ንቁ መሆን ነበረበት። በምርጥ ሥራዎቻችን ንቁ ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ውሰዱ፤ በ1975 ዓ.ም. የታተመው። ርእሱ ከጣልያንኛው «ኦርማይ» ወጥቶ፣ በአሥመራ ትግርኛ ውስጥ «አበቃ፣ ከንቱ ሆነ» የሚል ስሜት ይዞ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ልብ ወለድ ሽፋን የተሻገረ ቃል ነው። የቅኝ ግዛት፣ የከተማና የጦርነት ታሪክ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ማምጣት የሚችለው የሰማ ሰው ነው።

በየመድረኩና በየቴሌቪዥኑ አስቂኝ ድራማ የምንሰማው «ኮልታፋ አማርኛ» ግን ከመስማት የመጣ አይደለም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ገጸ ባሕርይ በመጣ ቁጥር፣ ከየትም ይምጣ፣ ወንዱን «መጣች» ሴቷን «መጣ» ይላል፤ ተመልካች ይስቃል። ገጸ ባሕርዩ ኦሮሞ ከሆነ እስቲ ቋንቋውን እንጠይቀው። አፋን ኦሮሞ «እርሱ መጣ»ን «ኢኒ ዹፌ»፣ «እርሷ መጣች»ን «ኢሼን ዹፍቴ» ይላል። በተውላጠ ስሙም በግሱም ወንድና ሴትን ይለያል። እንዲህ ያለ ስሕተት ከተማሪ አፍ ፈጽሞ አይወጣም አልልም፤ ነገር ግን የንግግሩ ሁሉ መለያ ከሆነ ደራሲው የሰማው ሌላ ድራማ ነው እንጂ ሰው አይደለም። እውነተኛው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢ አለው፤ የአማርኛ «ኧ» እና «እ» በውስጡ የሉም። ስለዚህ አዲስ ተናጋሪ በእነርሱ ፈንታ ለጆሮው የቀረበውን አናባቢ ያስገባል፤ የሚያስገባውም በሥርዓት ነው።

ፆታን ለማደባለቅ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ከፈለጋችሁ በመንገድ ሥራ ላይ የምናያቸውን ቻይናውያን አድምጡ። በማንዳሪን ንግግር «እርሱ»ም «እርሷ»ም «ታ» ነው። ቻይናዊው ፎርማን ሴቷን የቀን ሠራተኛ «የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ የቋንቋው ሰዋስው ከአማርኛው ሥር ሆኖ እየተናገረ ነው። አንድ ደራሲ ይህን ቢሰማ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሰውየውን አገር፣ የቆየበትን ጊዜና አማርኛን ያስተማሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሊያሳየን ይችል ነበር። የአካፋና የዶማ ቃላት አቀላጥፎ የሚናገር፣ «እንደምን አደሩ» ግን የማያውቅ ሰው አማርኛን የት እንደ ተማረ መናገር አያስፈልገውም።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። አፋን ኦሮሞን የሚማር የአማርኛ ተናጋሪ የአናባቢ ርዝመት አይሰማውም፤ በአማርኛ ርዝመት ትርጉም አይለይምና። በዚህ ምክንያት «መሬት»ንና «ለስላሳ»ን በአንድ ዐይነት ድምፅ ይጠራል፤ የመጀመሪያው በአጭር፣ ሁለተኛው በረጅም አናባቢ «ላፋ» ነው። «ዸ»ንም «ደ» ያደርጋታል። እርሱ በሌላው ጆሮ ኮልታፋ ነው። በዚህ የሚያስቅ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ድራማ ውስጥ ፈልጌ አላጋጠመኝም።

ይህን የማነሣው ለሥነ ጥበብ ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍሌ ውስጥ ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቃል ያልተናገረ ተማሪ ነበረኝ። የጽሑፍ ፈተናውን ሳርም ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ሆኖ አገኘሁት። ቢሮዬ ጠርቼ ለምን እንደማይናገር ጠየቅሁት። የዶርም ጓደኞቹ በአንድ አስቂኝ ድራማ ገጸ ባሕርይ ስም እንደሚጠሩት ነገረኝ። «መምህር፣ ገና አፌን ስከፍት ነው የሚስቁት፤ የምለውን አይሰሙም» አለ። ለእርሱ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ድራማውን እኔም ቤቴ ተቀምጬ አይቼ ስቄበት ነበር።

ተማሪው አራት ቋንቋ ይናገራል። በሠርግ ቤት የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚፈልጉት ሊቅ እርሱ ነበር።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ በአንድ ታሪክ ልጨርስ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። አባ ጎርጎርዮስ ከአማራ አገር፣ ከመካነ ሥላሴ የመጡ ሊቅ ነበሩ። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ጥቂት ተምሯል፤ አማርኛን ግን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። በ1652 ጎታ ወደሚገኘው መስፍናዊ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄዱ፤ እዚያም ሥራው ቀጠለ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 እስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው በ1698 ነው፤ ከመጀመሪያው ትውውቃቸው 49 ዓመት በኋላ፣ መምህሩ ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያይ ሞተ። ነገር ግን ምንጩ ማን እንደሆነ አልደበቀም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አኑሮታል። ዛሬም መልካቸውን የምናውቀው በዚያ ነው።

ከእናንተ መካከል ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልግ ቢኖር ማንበብ እወዳለሁ። ጎታ ላይ፣ በብርዱ፣ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ። አንድ የሚያስቸግረው ነገር ግን ከአሁኑ ይታየኛል። ሁለቱ አስቀድመው የተገናኙበት ግእዝ ለንጉሥም ለሎሌም ያው «አንተ» ነው ያለው። ደራሲው ንግግራቸውን በዛሬው አማርኛ ሲጽፍ መምረጥ ይኖርበታል። ወጣቱ ሉዶልፍ መነኩሴውን «አንቱ» እንደሚላቸው አልጠራጠርም። አባ ጎርጎርዮስስ፣ በመስፍኑ ቤት በእንግድነት ተቀምጠው፣ ጌታ የሆነውን ተማሪያቸውን ምን ይሉታል? እኔ ስድስት ወር አስቤበት አልወሰንሁም።

ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።